የመጨረሻዋ ዙር

ውድ ጋሼ፣

ደህና ነዎት ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ አልሄድ አለኝ። ደህና ባይሆኑስ? ያለ ሥራ ቤት እንዲውሉ ያደረግኩዎት እኔ ሆኜ ደህና ነዎት ወይ ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ እንደመጣልኝ ልናገር፣ ካቆምኩ አልጨርሰውም።

ይሄን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ነው፣ አሮጌ ጎማ ከሚከመርበት ኋላ ተቀምጬ። ምሳዬን አልበላሁም፣ አይወርድልኝም። ወረቀቱ የመኪናው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ከመጣበት ካርቶን ውስጥ የወጣ ነው፣ ጀርባው ባዶ ስለሆነ። ትምህርቴን ከአምስተኛ እንደተውኩት ያውቃሉ፣ የማይነበብ ካለ በያጁ ያነብልዎታል፣ ይዞት የሚመጣው እሱ ነው። አሁን ያሉበትን የልጅዎን ቤት አውቀዋለሁ ብሎኛል። ስልክዎ ላይ ስንት ቀን ደወልኩ፣ ሁልጊዜ ጥሪ አይቀበልም ይላል። እኔም ጥሪ አይቀበልም ሲለኝ እፎይ እል ነበር፣ እውነቱን ልንገርዎት ብዬ አይደል የተነሳሁት፣ ቢያነሱት ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ደክሞኛል ጋሼ። ሰውነቴ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ሰውነት ተኝቶ ይነሳል። አራት ወር ሙሉ አንድ ነገር ተሸክሜ መዋል ነው የደከመኝ።

ቀይዋ መኪና ተመልሳ መጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ገና ልብሴን ሳልቀይር ድምጿን ሰማሁት። ከበሩ ጋ ያለችውን ጉብታ ስታልፍ ከኋላዋ ቋ! አለች፣ ከዚያ ሲጥጥጥ፣ እንደ አሮጌ ቁም ሳጥን በር፣ እኔም እዚያው ቁጭ አልኩ። ባለቤቷ ዝቅ በል ከመኪናዋ ወጣ፣ በሩን እንኳ አልዘጋውም። መቼም እኛ ዝቅ በል እንደምንለው እስከ ዛሬ አያውቅም። የመኪናዋን ሞላ፣ የሚሸከማትን ጥቅልል ብረት፣ ከፊትም ከኋላም አስወጥቶ አጫጭሩን አስገብቶ መሬት ልትልስ እስክትደርስ ያስቀመጣት ጊዜ በያጁ ነው ስም ያወጣለት፣ እርስዎም ስቀው «ይሄ ልጅ ጉንዳን ባየ ቁጥር ነው መሪ የሚያዞረው» ብለው ነበር።

«ሦስተኛ ጊዜ!» አለ ሦስት ጣቱን አለቃ ፊት አቁሞ። «ሦስተኛ! አምስት ወር ሳይሞላ! አሁንስ ማንን ልትሉኝ ነው? ሽማግሌው የለም። ላስቲኩን ራሴ ነኝ ከሌላ ሱቅ ገዝቼ ከነካርቶኑ ያስረከብኳችሁ። አሁንስ ማን ሰረቀኝ?»

«ቀስ በል እስቲ፣ ጎሚኒው መሆኑን በምን አወቅክ?»

«ጎሚኒ በሉት ምን በሉት እኔ ስሙን አላውቅም! ድምፁን ግን አውቀዋለሁ፣ ተኝቼም እሰማዋለሁ!»

አለቃም እንደ ሕፃን ያስረዳው ጀመር። «ይኸውልህ፣ ብራቾ የምንለው የኋላ ጎማህን የያዘው ረጅሙ ብረት ነው። ብራቾው ከመኪናዋ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዲት ክብ ላስቲክ አለች፣ መሃሏ የብረት ቱቦ አላት፣ ቡሎኑ በቱቦው ውስጥ ያልፋል። ብረትና ብረት እንዳይናከሱ ነው እሷ መሃል የገባችው። እሷ ናት ጎሚኒ።»

«እና ሰው አምስት ዓመት የሚነዳባትን እኔ ለምን ሁለት ወር?»

አለቃ አገጩን እያሻሸ ዞር አለና እኔን አየኝ። «ድንቢጥ፣ ጉድጓዱ ላይ አውጥተሽ ከሥር እያት። ብቻሽን። ምክንያቱን ሳታገኚ እንዳትወጪ።»

ብቻሽን ሲለኝ ፈራሁ። ሥራው ከብዶኝ እንዳይመስልዎት። ምክንያቱን እንዳላገኘው ነው የፈራሁት ብል ውሸት ነው፣ እንዳገኘው ነው የፈራሁት።

ግን መጀመሪያ ያቺን ቀን ልናገር፣ እሷን ሳልናገር ሌላው አይገባም።

አጭሩ ሞላ የገባ ጊዜ ጎሚኒዎቹም አርጅተዋል አብረን እንቀይራቸው ያሉት እርስዎ ነዎት። ለጉልበትዎ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበርዎት። ሊወጡ ሲሉ ኮትዎን እንደደረቡ ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር አዩኝና «ድንቢጥ፣ ሁሉንም ግጠሚ፣ ቡሎኖቹን በእጅሽ ብቻ አስገቢያቸው። የመጨረሻዋን ዙር ለእኔ ተይልኝ» አሉኝ። ሁልጊዜ የሚሉት ነው። ሁልጊዜ መኪናዋን ከክሪክ ያወርዷታል፣ በአራት እግሯ ጉድጓዱ ላይ ያቆሟታል፣ እኔንና በያጁን «ግቡ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ» ይሉናል፣ ከዚያ በዚያ ጉልበትዎ መሰላሉን ይዘው ጉድጓድ ይወርዳሉ። በያጁ ከውስጥ ሆኖ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል፣ እርስዎ ከታች «ገና አልደረስንም!» ይሉታል፣ ግቢው በሙሉ ይስቃል፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ ቁልፍዎ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበርና ከታች ምን እንደሚሠራ አንድም ቀን አላየሁም። እኔ እኮ የሚያሳርፉን መስሎኝ ነበር። የመጨረሻዋ ዙርም ያው የአዛውንት ኩራት መስላኝ ነበር፣ አለ አይደል፣ እኔ ካልነካሁት አላለቀም የሚል ሰው።

ያን ቀን ዝቅ በል ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ራሴ ላይ ቆሟል። «አላለቀም እንዴ?» ይላል፣ ሄድ ይላል፣ መለስ ይላል፣ «አላለቀም እንዴ?» አለቃም ከቢሮው በር ላይ «ድንቢጥ፣ ጨርሺና ስጪው፣ ሰውዬው ጉዳይ አለበት» አለኝ። እኔ ደግሞ ጉልበትዎን አሰብኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከጉድጓዱ ሲወጡ መሰላሉን ጨብጠው ትንፋሽዎ እስኪመለስ ሲቆሙ አይቼዎት ነበር፣ ያየሁዎት አይመስልዎትም። ዛሬ ከሐኪም ቤት መጥተው ደግሞ ልውረድ ይላሉ አልኩ። በቃ። ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች፣ ጎማዎቿ እንደተንዘላዘሉ፣ ሁሉንም አጠበቅኩት። ቁልፉ እስኪጮህ። ኩራቴን ቢያዩት፣ ውለታ የዋልኩልዎት መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መጡ። መኪናዋ ሄዳለች።

«የመጨረሻዋን ዙር ማን አዞራት?»

«እኔ።»

«አውርደሽ? በእግሯ ቆማ?»

ቁጣ እንኳ አልነበረበትም ድምፅዎ። አይ ብል ምን ይመጣ ነበር፣ ደውለው ያስመልሷት ነበር፣ አሥር ደቂቃ ነው ሥራው። ግን ዓይንዎ ላይ የሆነ ነገር አየሁና ፈራሁ፣ ከዚህ ቦታ እንዳልወጣ ፈራሁ፣ እኔን ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራለች ሲሉ በእኔ ይሁንባችሁ ብለው ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት፣ እና «እንዳሉኝ አድርጌያለሁ» አልኩ።

ራሴን ነካ አደረጉኝና «ጎበዝ» አሉኝ።

ያቺ ጎበዝ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ሌላውን ያውቁታል፣ ግን እኔ ከቆምኩበት እንዴት እንደነበር አያውቁም። ሁለት ወር ሳይሞላ መጣች፣ ጎሚኒው ተቀዶ። ጉድጓዱ ውስጥ ባትሪ ይዘው ብዙ ቆዩ። እኔ የቡሎኖቹን ሳህን ይዤ ከላይ ቆሜያለሁ። አንገትዎን ቀና አደረጉና ሰው ሁሉ እየሰማ «ድንቢጥ፣ አውርደሽ ነው አይደል ያጠበቅሽው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ፣ እስከ ዛሬ ራሴን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እርስዎ በሽታውን አውቀውት ነበር እኮ ጋሼ! በሩ ላይ ደርሰው ነበር፣ እኔ ነኝ ከውስጥ የቆለፍኩት። ስላመኑኝ ያንን ትተው ወደ ሌላ ሄዱ፣ እጄን ከመጠርጠር ላስቲኩን ጠረጠሩ። «ላስቲኩ ደህና አይደለም» አሉ። የአለቃ ሚስት ወንድም፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ባለ ስፔሩ፣ እየሮጠ ከሱቁ መጣ።

«እኔ ኦሪጅናል ነው የሸጥኩት! ካርቶኑ ይኸው! የተለወጠው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው! ኦሪጅናሉን ወስዶ ኮፒ ገጥሞ ነው!»

«ማን ነው የወሰደው?» አሉ እርስዎ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ዝቅ በል ነው ቃሏን የተናገራት። «ሌባ» አለ። እርስዎን።

አለቃ መሬት መሬት እያየ «እስቲ ለጥቂት ቀን እረፍት ይውሰዱ» አለ። እርስዎም «ሠላሳ ዓመት ያልወሰድኩትን?» ብለው እጅዎን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት በጣት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ዕቃዎን ሰበሰቡ፣ በእኔ በኩል ሲያልፉ «አይዞሽ ድንቢጥ» አሉኝ። እኔን አይዞሽ! አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር፣ ምንም አልወጣም። የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍዎ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ረስተውት ይሁን ትተውልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አላወቅኩም ነበር ብል ደስ ባለኝ። ምክንያቱን አላወቅኩም፣ ሆዴ ግን ያውቅ ነበር።

እና እርስዎ ከሄዱ በኋላ ዝቅ በል ካርቶኑን ይዞ መጣ፣ እኔና በያጁ ገጠምንለት፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎት? እንደገና ክሪክ ላይ አጠበቅኩት። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያጠብቀው፣ በሌላው መኪና ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ማንም አይመለስም፣ ማንም አይጠይቅም።

ማክሰኞ ጉድጓድ ስወርድ ባትሪዎን፣ ማለቴ የጋራዡን ባትሪ፣ ይዤ ወረድኩ። «መጀመሪያ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ፣ በዓይንሽ ሥሪ» ይሉኝ አልነበር፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዘይት ነክቶት እንደሆነ አየሁ፣ ደረቅ ነው። አሸተትኩት። በጥፍሬ ጫንኩት፣ ጫን ሲሉት ይመለሳል፣ ላስቲኩ ምንም አልሆነም፣ ጥሩ ላስቲክ ነው። ጎማዋን ዳሰስኩ፣ በአንድ ወገን የተበላ የለም፣ ብራቾው አልተጣመመም። ከዚያ ቅዳዱን ቀርቤ አየሁት። የግራው ሙሉ በሙሉ ለቋል፣ የቀኙ ገና ግማሹ ነው። ተፈግፍጎ ያለቀ አይመስልም፣ ተጨምቆ የተቀደደ ነው የሚመስለው፣ ልብስ አጥበው ሲጠመዝዙት እንደሚሆነው፣ በግራም በቀኝም ጥምዝምዙ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ላስቲክ ተማክሮ አንድ ዓይነት አይቀደድም። የሆነ ነገር ነው የጠመዘዛቸው።

ጠመኔ ከላይ ወርውርልኝ አልኩት በያጁን። መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማለች። ካልለቀቀው ከቀኙ፣ ከመሃሏ ቱቦ ጀምሬ ቡሎኑን እስከያዘው ብረት ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ፣ እርስዎ መሪ ሲፈቱ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ቁልፍዎን ከምስማሩ አስወርጄ፣ ይቅር ይበሉኝ እስከዚያ ቀን አልነካሁትም ነበር፣ ቡሎኑን ላላ አደረግኩት።

ጋሼ፣ ቱቦዋ ዞረች። ማንም ሳይነካት። ጠቅ! ብላ እያየኋት ዞረች፣ መስመሩ ለሁለት ተሰበረ፣ ግማሹ ብረቱ ላይ እንደቆመ ግማሹ ከቱቦዋ ጋር የሁለት ክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ሄደ። ተጠምዝዛ ነበር የኖረችው። ሁለት ወር ሙሉ፣ ቆማም ተጠምዝዛ፣ ስትሄድም ተጠምዝዛ፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ እንኳ ተጠምዝዛ።

ቡሎኑን ላላ እንዳለ ትቼ ወጣሁና በክሪክ ከኋላዋ አነሳኋት። ጎማዋ ተንዘላዘለ፣ ብራቾው ወደ ታች ወረደ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስመሩ ገጥሟል። የተሰበረው መስመር ተመልሶ አንድ ሆኗል።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጨርሰው ብዬ እንጂ እርስዎ ቀድመው ገብቶዎታል። ተንጠልጥላ ስናጠብቃት ላስቲኳ ያቺን መንጠልጠል ነው ቤቴ ብላ የምትይዘው። ስናወርዳት ብራቾው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቱቦዋ ተጠብቃለች አትሄድም፣ ላስቲኳ መሃል ላይ ትጠመዘዛለች። ሌላ መኪና ቢሆን ትንሽ ነው፣ ትችለዋለች። ይቺ ግን በአጭር ሞላ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ መንጠልጠያዋና መቆሚያዋ በጣም ተራርቋል፣ ከመጠን በላይ ትጠመዘዛለች፣ ከዚያ እያንዳንዱ ጉብታ ትንሽ ትንሽ ይቀድዳታል። ለዚህ ነበር የሚያወርዷት። ለዚህ ነበር እኛን ወንበር ላይ የሚያስቀምጡን። ሰው ይዛ ስትሄድ እንደምትሆነው ሆና እንድትጠብቅ።

አለቃን ጠራሁት። ዝቅ በልም አብሮ መጣ፣ በያጁም የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ጠመኔውን አሳየኋቸው፣ አወረድኳት፣ መስመሩ ተሰበረ፣ አነሳኋት፣ ገጠመ። ሦስት ጊዜ አሳየኋቸው። ዝቅ በል ጉድጓዱ ውስጥ በንጹሕ ጫማው ወርዶ በጣቱ ነካው።

«ታዲያ ምክንያቱ ይሄ ነው?» አለ አለቃ። «አየር ላይ መጥበቁ?»

«አዎ።»

«ባለፈው ማን ነው ያጠበቀው?»

«እኔ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ ቀለል አለው፣ አየሁት፣ እንደተገላገለ ሰው። «ይሄ ልማድ ከየት መጣ ታዲያ? ከሽማግሌው ነዋ! እሱ አይደል ያስተማረሽ? የመጀመሪያውንም እንዲህ ነዋ ያስበላሸሽ!»

«አላልኳችሁም?» አለ ዝቅ በል ከጉድጓዱ።

ጋሼ ይሄን ሳላስብ ነበር የወረድኩት። በሽታውን ካገኘሁ ስምዎ የሚነጻ መስሎኝ ነበር፣ ጭራሽ ባሰብዎት። ከሌባ ወደማያውቅ። የትኛው እንደሚብስ እኔ አውቃለሁ፣ እርስዎ ሌባ ሲሉዎት እጅዎን ጠርገው ሄዱ፣ ሥራ አያውቅም ቢሉዎት ግን ይሞታሉ። እና ዝም ብል ያልፋል። ሁለተኛውን እኔ እንደሠራሁት ሁሉም ያውቃል፣ አለቃም ልጅ ናት ያስተማራት ሰው ነው ብሎ ይተወኛል። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳጠበቅኩት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እርስዎም የሚያውቁት የነገርኩዎትን ነው።  ቁልፍዎን በሁለት እጄ ሆዴ ላይ ያዝኩት።

«አይደለም» አልኩ።  «እሳቸው እንዲህ አላስተማሩኝም። የመጨረሻዋን ዙር ለእኔ ተይልኝ ነው ያሉኝ። ሐኪም ቤት የሄዱ ቀን እኔ ነኝ ክሪክ ላይ ያጠበቅኩት። ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው። እናንተ ፊት ሲጠይቁኝም ዋሸሁ። ባልዋሽ ኖሮ ያን ቀን ያገኙት ነበር።»

በያጁ ጭንብሉን ከግንባሩ አውልቆ ያዘ። 

«እና እኛን ወንበር ላይ የሚያስቀምጡን...» አለ በያጁ።

«ለክብደት ነው።»

«እኔ እኮ የሚያሳርፉን መስሎኝ ነበር።»

«እኔም» አልኩት።

ዝቅ በል ከጉድጓዱ ወጣ፣ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፉ ያዘና ዝቅ ብሎ ቆመ፣ ለራሱ እንደሚያወራ «እኔ እኮ ሌባ ብያቸዋለሁ» አለ። አለቃ ወደ ቢሮው ሄደ፣ ከበሩ ዞር አለና «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» አለኝ። ስለ ሥራዬ ምንም አላለም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። «አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? ማን ጠየቀሽ? አፍሽን ይዘሽ ብትቀመጪ ማን ያውቅ ነበር?» አለች። የሰው ቤት ዕቃ የምታጥብ ልጅ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፣ ሰኞ ወስጄ አሳይሻለሁ ብላለች። አልተቆጣኋትም፣ ደክሟታል እሷም። ግን ጋሼ እኔ ዕቃ ማጠብ አልፈልግም። እጄ የመኪና ግራሶ ግራሶ ሲሸት ነው ሰው የምመስለው። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ትናንት አዲሶቹ ጎሚኒዎች መጡ፣ ገጠምኳቸው፣ ሁሉንም በእጄ ብቻ። አወረድኳት፣ ጉድጓዱ ላይ በአራት እግሯ ቆመች። «ኋላ ወንበር ላይ ሰው እፈልጋለሁ» አልኩ። በያጁ ሊገባ ሲል አለቃ በእጁ መለሰውና ራሱ ገባ፣ ያ ሁሉ ሰውነት! ዝቅ በል ከጎኑ ገባ፣ መኪናዋ ዝቅ አለች። እኔ ወረድኩ፣ የግራዋን ያዝኩ። በያጁ ከውጪ፣ ከልማድ ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ «ወራጅ አለ» አለ። የሳቀ የለም።  ከዚያ አለቃ ከውስጥ፣ ድምፁ ከብዶ፣ «ገና አልደረስንም» አለ። የግራዋን አጠበቅኩ፣ እያለቀስኩ ነው ያጠበቅኩት፣ ግን አልተሳሳትኩም፣ ጠመኔ አስምሬ አይቻለሁ፣ መስመሩ አልተሰበረም።

የቀኟን በእጄ ብቻ አስገብቼ ተውኳት።

«ምነው?» አለ አለቃ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«ይቺን አልጨርሳትም። የእሳቸው ናት።»

«የማን?»

«የጋሼ። የመጨረሻዋ ዙር የእሳቸው ናት።»

ይጮህብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጮኸም። ዝቅ በልን ጠየቀው፣ እሱም «እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ይምጡና ይጨርሷት» አለ። ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ አለኝ፣ ለእርስዎ እንድነግርዎት ግን አላለኝም፣ እኔ ነኝ የነገርኩዎት። አለቃም «እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ጉድጓዱን እፈልገዋለሁ» አለ፣ ከመኪናዋ ሲወጣ ደግሞ ፊቴን ሳያይ «ንገሪያቸው። ቦታቸው አልተያዘም በያቸው» አለ። የእኔን ቦታ አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ነገ ነው።

ይምጡ ልልዎት አልደፍርም። ባይመጡ ይገባኛል፣ እኔ ብሆን የምመጣ አይመስለኝም። ከመጡ ግን ጉድጓድ አይውረዱ። ጉልበትዎን አይቻለሁ። ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እኔ ከታች እሆናለሁ፣ አሁን አጥብቂ ይበሉኝ። ቁልፍዎ ምስማሩ ላይ ነው፣ ጠርጌ መልሼዋለሁ።

ካልመጡ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሲሆን ራሴ አዞራታለሁ። በእግሯ ቆማ፣ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ። ከዚያ ሰኞ የትም ብሆን፣ ጋራዥም ልሁን የሰው ቤት፣ እርስዎም የሚሰሙኝ ቦታ ባይሆኑም፣ እንዳሉኝ አድርጌያለሁ እላለሁ። ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

የምሳው ደወል ተደወለ፣ በያጁ እየጠራኝ ነው።

ድንቢጥ